ጆሮህን አታጣድፈው

ልጄ፣ ቡሬ ሥራው እንዴት ይዞሃል?

ባለፈው ፍኖተ ሰላም ስትመጣ፣ «ጋሼ፣ ብሉዝ የሚባል ሙዚቃ ወድጃለሁ፤ የትኛውን አልበም ልስማ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ጥያቄህ ደስ አሰኘኝ። ግን እኔ ቤት ተቀምጠህ ስልክህን ስትነካካ አይቼሃለሁ። አንዱ ዘፈን መግቢያውን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ትዘላለህ። ቡናው እስኪፈላ ስንቱን ጀመርክ፤ አንዱንም አልጨረስክም። አልተቆጣሁም። አሳሰብከኝ እንጂ።

ልጄ፣ ብሉዝ የችኩል ሰው ሙዚቃ አይደለም። የእኛም እንጉርጉሮ እንደዚያው ነው። አዝማሪ ሲመጣ ልብ ብለህ እየው። መጀመሪያ የማሲንቆውን ጭራ ይቃኛል። ቤቱን ይቃኛል፤ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንዳኮረፈ ያያል። ከዚያ ነው የሚጀምረው። በሰሙ ስትስቅ ወርቁ ገና መንገድ ላይ ነው። ከመሐል የተነሳ ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ከመሐል ትነሳለህ።

እንግዲህ ከቤትህ ጀምር። የአስናቀች ወርቁን ክራር ስማ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ካሳተማቸው ተከታታይ አልበሞች 16ኛው የእሷ ነው። የመድረክ ተዋናይም ነበረች፤ በ2011 እ.ኤ.አ. አረፈች። ድምጿ ሲነሳ ክራሩ ዝቅ ይላል፤ እሷ ዝም ስትል ክራሩ ይመልስላታል። ይህን ለመለየት ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሦስት ጊዜ መስማት አለብህ። አንዴ በቂ አይደለም።

ከዚያው ከኢትዮፒክስ 10ኛው «ትዝታ» ነው። ሽፋኑ ላይ «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ብለውታል። ይህ አጠራር ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም። ትዝታ ቅኝቱም ዘፈኑም በራሱ ስም የሚጠራ ነው፤ ከሌላ ስም መበደር ምን አስፈለገው? ቢሆንም ስማው። ከዚያ 14ኛውን፣ የጌታቸው መኩሪያን። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ነው የነፋው። ጎጃም ተወልደህ፣ ሠርግ ላይ አባቶች ሲፎክሩ እያየህ አድገህ ይህን ሳትጨርስ ብታልፈው ያሳዝነኛል። 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው። እሱን ግን ከእነዚህ ጋር አትደባልቀው። ለዐቢይ ጾም አቆየው።

ከዚያ ወደ ውጭ ውጣ። የማሊውን አሊ ፋርካ ቱሬን ትወደዋለህ። ኒጀር ወንዝ ዳር ኒያፉንኬ በምትባል ከተማ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ከጊታሩ ሌላ ንጃርካ የሚሏትን፣ የእኛን ማሲንቆ የምትመስል ባለ አንድ ክር መሣሪያ ይጫወት ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው አልበሙ ስሙም «ኒያፉንኬ» ነው። መቅረጫው እሱ ዘንድ ሄደ እንጂ እሱ እርሻውን ጥሎ አልሄደም። ቀጥሎ አሜሪካዊውን ሮበርት ጆንሰን። በ1936 እና በ1937 እ.ኤ.አ. 29 ዘፈኖች ቀዳ፤ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። ከእነዚያ 16ቱ በ1961 በአንድ አልበም ሲወጡ ነው ብዙ ሰው የሰማው። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር። መጀመሪያ ላይ ይከብድሃል። ታገሰው።

አሁን የራሴን ልንገርህ። አጎቴ ዋሽንት ይነፋ ነበር፤ ብር ወንዝ ዳር ከብት ሲጠብቅ የለመደው ነው። አንድ የፋሲካ ሰሞን በቴፔ ቀዳሁት። እናንተ አታውቁትም እንጂ፣ ካሴት ጀርባው ላይ ትንሽ ፕላስቲክ አለችው። እሷን ከሰበርካት ከዚያ ወዲያ አይቀዳበትም። ነገ እሰብራታለሁ አልኩ። ነገ ነገ ስል ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከሬድዮ አዲስ ዘፈን ለመቅዳት ስጣደፍ ያገኘሁትን ካሴት ከተትኩ። ያ ዘፈን ዛሬ ስሙም ትዝ አይለኝም። አጎቴ በተከታዩ ክረምት አረፈ። ካሴቱ መጨረሻ ላይ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ የአራት ትንፋሽ ያህል ዋሽንት ቀርታለች። እሷን ነው የምሰማው።

ስለዚህ ልጄ፣ ለሳምንት አንድ አልበም ይበቃሃል። ማታ ከሥራ ስትገባ ስልኩን ራቅ አድርገህ አስቀምጠው፣ እጅህ እንዳይደርስበት። አንተ ጆሮ ያለህ ልጅ ነህ፤ ልማዱ ነው የጎደለህ። ልማድ ደግሞ ይለመዳል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አያትህ ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉራለች። ሰምተሃት ታውቃለህ? ስለ እናቷ ነው የምትለው፤ ሰው ሲገባ ታቆማለች። አጠገቧ ቁጭ በል። ደብቀህ እንዳትቀዳት፤ አስፈቅዳት። እሺ ካለች ቅዳት፤ እምቢ ካለች ስማት። የጥምቀት ነጠላዋን ጥጥ የገና በዓል ሳይደርስ ፈትላ ትጨርሳለች። ከዚያ በፊት ና።