ሰንሰለቱን የሠራው ሰይጣን አይደለም

በየጓሯችን ሰው ታስሯል። ዳኛ ያልፈረደበት፣ ያልገደለና ያልሰረቀ ሰው በገዛ ወላጆቹ ግቢ፣ ከከብቱ ጋጣ አጠገብ፣ ከምሰሶ ጋር ተቆራኝቶ ዓመት ይገፋል። ጎረቤት ያውቃል። ዕድሩ ያውቃል። ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር ወደዚያ ቤት የሚገባው ሁሉ ጠላውን እየጠጣ ከጓሮ የሚመጣውን ድምፅ ይሰማል፤ ሰምቶም ወሬ ይቀይራል። ይህን የምጽፈው ለታሰረው አይደለም። ለአሳሪው፣ ለአጥማቂው፣ ለመድኃኒት አስጣዩ፣ ወሬ ለቀየረውም እንግዳ ነው። የአእምሮ ሕመም ኃጢአት አይደለም። በታመሙት ላይ የምናደርገው ግን ኃጢአት ነውና ንስሐ እንግባ።

ብረት ሲከርምበት ሰው ምን እንደሚሆን ያያችሁ ታውቃላችሁ። የቁርጭምጭሚቱ ቆዳ መጀመሪያ ይላጣል፤ ከዚያ ይቆስላል፤ ዝንብ ይወረዋል። እናት አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ትጠቀልልለታለች፤ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲፈታ ደግሞ ብረቱ ወልቆም እግሩን ይጎትታል። እናቲቱ ያሰረችው ጠልታው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ገደል እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታ፣ ሰውም ደብድቦ እንዳይገድለው ፈርታ ነው። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ለአንድ ሌሊት ተብሎ የገባው ብረት አምስት ዓመት ሲያድር ፍርሃት መሆኑ አብቅቷል፤ ልማድ ሆኗል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ያልወሰድነው እኛ ደግሞ ከእናቲቱ ይልቅ እንጠየቅበታለን።

«አላወቅንም» አትበሉ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል። ወንጌሉን በየሳምንቱ ትሰማላችሁ። ከቅዳሴ ስትወጡ ግን ልጇ የታመመባትን ሴት ደጀ ሰላሙ ላይ አቁማችሁ «ምን በድላችሁ ነው? ቤታችሁ ውስጥ ምን ተቀብሯል? የማን ዓይን ነው?» ትሏታላችሁ። ሕመሙ አልበቃ ብሏት እርግማኑንም ተሸክማ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን ሕመም ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ልጁ ደህና ተማሪ ነበር። ቀስ በቀስ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ ገላውን መታጠብ ይተዋል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ለብቻው ያወራል። ማንም የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ድምፁም ይሰድበዋል፣ ያዝዘዋል። ጎረቤት እንደሚከታተለው፣ ምግቡ ውስጥ መርዝ እንደገባ ያምናል። ይህ ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዕድሜ ስለሆነ መንደሩ «ብዙ ትምህርት አሳበደው» ይላል። አለዚያም ውጤቱ ያናደደው ጎረቤት መተት እንዳስደረገበት ይወራና ሁለት ቤተሰብ ደም ይቃባል። መጽሐፍ ማንንም አላሳበደም። የሕመሙ ሥር በአንጎል ሥራ ላይ ነው። ከዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለው፤ ሆኖም ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከግማሽ በማይበልጠው ጊዜ ነውና ዘር ብቻውን አይበይንም። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የልጅነት መከራ፣ ካናቢስ ሸክሙን ይጨምሩበታል። ጫትም በብዛት ሲቃም እንቅልፍ ይነሣል፣ ጥርጣሬ ይዘራል፣ ለሕመሙ የቀረበውን ይገፋል፣ የታመመውንም ያብስበታል። እስቲ ንገሩኝ፤ በዚህ ውስጥ የጎረቤት ቅናት የገባው የት ላይ ነው?

ባይፖላር የሚባለው ሌላ ነው። ሰውየው ለሳምንታት በቅጡ ሳይተኛ ይበረታል፣ ወሬው አይቆምም፣ ባለጸጋ ወይም የተመረጠ ይመስለዋል፣ ያለውን ይበትናል። ከዚያ ተመልሶ ጥቁር ድባቴ ውስጥ ይወድቃል። በዚያ የብርታት ሰሞን በሬውን በግማሽ ዋጋ የገዛችሁት፣ መሬቱን ያስፈረማችሁት፣ ጠጅ ቤት ስሙን እየጠራችሁ ያስቀዳችሁበት ሰዎች ሆይ፣ ምን እያደረጋችሁ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሲሻለው በሬው የለም፤ ልጆቹ ይራባሉ። ንስሐ በቃል ብቻ አይሆንም፤ በሬው ይመለስ።

ድባቴን ደግሞ ስንፍና ብለን ጠራነው። አንዲት እናት ጧት ከአልጋዋ መነሣት ሲያቅታት፣ እህል ሲጠላት፣ የራሷ ልጅ እንደ ባዕድ ሲሆንባት «ቅብጠት ነው፣ ጸሎት ብታበዢ ይለቅሻል» እንላታለን። እርሷም «አዝኛለሁ» አትልም፤ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይወረኛል እያለች ከክሊኒክ ክሊኒክ ትዞራለች፤ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። ድህነት፣ የባል ዱላ፣ የሕፃን ሞት፣ የዘር ተጋላጭነት፣ የሰውነት ሕመም፣ መጠጥ ሁሉ ለድባቴ ምክንያት ይሆናሉ። ስንፍና በዚህ ውስጥ የለበትም። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አራሷ ድንገት እንቅልፍ ካጣች፣ ከተምታታባት፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር ከተናገረች ግን ያ ከባድ ሕመም ነው፤ አንድ ቀን እንኳ የሚታደርለት አይደለም። «ብርድ መታት» ብላችሁ እጣን አታጭሱባት። ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተዉአት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷት።

የሚጥል በሽታ የአእምሮ መታወክ ሳይሆን የአንጎል ሕመም ነው። ቢሆንም የተደባለቀው በእኛ ነውና አልፌው አልሄድም። ልጅ ሲወድቅ ክብሪት ጭረን ጭሱን እናሸተዋለን፤ ለሐጩ ይጋባል ብለን እንሸሻለን። በዚህ ሽሽት ምድጃ ላይ የወደቁ ሕፃናት ፊታቸው ተቃጥሏል። ለሐጭ አያጋባም። ክብሪት አያነቃም። በጎኑ አስተኝተን ራሱን ከድንጋይና ከእሳት ማራቅ ነበር የኛ ድርሻ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ቢታከሙ ከ10 ሰዎች 7ቱ ያህል ከመውደቅ ነጻ ሆነው መኖር ይችላሉ። ክኒኑም በርካሽ የሚገኝ ነው።

በመከራ ብዛት አእምሮው የቆሰለውንስ? ጦርነት ያየ ሰው በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ በሌሊት ይጮኻል፣ ያየውን ደግሞ ደጋግሞ ያያል። በየከተማው እንዲህ የሚኖር ስንት ነው! ከዓረብ አገር የሚመለሱት እህቶቻችንስ? ፓስፖርታቸው ተነጥቆ፣ እንቅልፍ ተነፍጓቸው፣ ተደፍረው፣ ደመወዝ ተከልክለው ኖረው ሲታመሙ በአውሮፕላን ይላካሉ። በ2004 ዓ.ም. ዓለም ደቻሳ የተባለች የሁለት ልጆች እናት ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጮኸች ስትጎተትና መኪና ውስጥ ስትከተት ዓለም በቪዲዮ አየ። ከቀናት በኋላ በተወሰደችበት የአእምሮ ሆስፒታል ሕይወቷ በገዛ እጇ አለፈ። ያን ጊዜ አለቀስን። ከእርሷ በኋላ የመጡትን ግን ቤተሰብ «ገንዘቡስ?» ብሎ ተቀበላቸው፤ መንደሩም «ዓረብ አገር አበደች» ብሎ ሳቀባቸው። የላከችውን ብር ለቤታችሁ ቆርቆሮ ያዋላችሁ ወንድሞች፣ እህታችሁ አሁን የት ናት?

ሕመሙ ብቻውን ይገድላል የሚል ካለ የቡታጅራን ውጤት ይስማ። በ1990ዎቹ አጥኚዎች በቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት ዞረው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል ቀድሞ ሕክምና ያየው ከ10 አንዱ እንኳ አይሞላም ነበር። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሉ 121ዱ ሞቱ። ይህ ከሌላው የአካባቢው ሰው እጥፍ ነው። የተቀጩትም ሊኖሩት ከሚገባው ዕድሜ ወደ 30 ዓመት ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። በሌላው ሰው ላይ ቢሆን የሚታከም ትኩሳትና ሳል ማለት ነው፤ የእነርሱን ግን «እብድ ነው» ብሎ ያስታመመው የለም። እንግዲህ ገዳዩ ማን እንደሆነ ለራሳችሁ ፍረዱ።

ስለ ጠበል መናገር ግድ ነው፤ እኔም በጠበል አምናለሁ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብሩ ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑንም ያስተምራል። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስ ሐኪም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። ለኤች አይ ቪ የሆነ ለአእምሮ ሕመም የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ሙስሊሙ ወገኔም ነቢዩ ታከሙ ማለታቸውን እያወቀ፣ ሩቅያ ያስቀራና ክኒኑን ይጥላል። አንተ «አጥማቂ ነኝ» ባይ፣ ሕመምተኛው ደጅህ ሲደርስ መጀመሪያ የምታስጥለው መድኃኒቱን ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያገረሻል፤ አንተም ያገረሸውን ሕመም «ሰይጣኑ ጮኸ» ብለህ በመቋሚያ ትደበድባለህ፣ በካሜራ ትቀርጻለህ፣ በዩቲዩብ ትለቃለህ። ፊቷ የታየ፣ ስሟ የተጠራ፣ ልብሷ የተገለጠ ያች ልጅ ስትድን የት ሥራ ታገኛለች? ማንስ ያገባታል? ጌታ በጌርጌሴኖን ያለውን ሰው ባገኘው ጊዜ ሰውየው በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰንሰለቱንም በጥሶ ነበር። ጌታ ሌላ ሰንሰለት አላመጣም። ከፈወሰውም በኋላ ሊከተለው ሲለምነው ወደ ቤቱ ወደ ዘመዶቹ ላከው። እኛ ደግሞ ዘመዳችንን ጠበል ቦታ አድርሰን፣ ሲመሽ ተሳፍረን፣ ስልክ ቀይረን እንጠፋለን።

መድኃኒት ሁሉን ያድናል አልልም። ሃሎፔሪዶል ሰውነት ያገትራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ምራቅ ያዝረበርባል፤ ሐኪሙ ግን መጠኑን ያስተካክላል፣ ይህን የሚያቀል ሌላ ክኒንም አለው። የድባቴ መድኃኒት ሥራውን ለማሳየት ሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል ራስን መበደል ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዱ ያስርባል። ብዙ ሰው ክኒኑን የሚተወው ሲውጠው የሚበላው ስለሌለው ነው፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ዕድርተኛ ሆይ፣ ለሬሳው ድንኳንና ንፍሮ አለህ፤ ለሕያው እንጀራ የለህም?

ሹማምንትም ነጻ አይደላችሁም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ሕመምተኛው በሰንሰለት ታስሮ በአውቶቡስ ጉዞ የሚደርስበት። ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይውረድ ተብሎ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን የሠለጠነው ባለሙያ ተዛውሮ ሄዷል፤ መድኃኒቱ «አልቋል» ይባላል። ገበሬው በግ ሸጦ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሁለተኛም አይመጣም።

እንግዲህ ንስሐ እንግባ ስል በቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረት ድቁልኝ ማለቴ አይደለም። ያሰራችሁ፣ ዛሬ ማታ ብረቱን ፍቱ፤ ለብቻችሁ ከፈራችሁ ወንድሞቻችሁን ጥሩና ፍቱ። ቁስሉን እጠቡ። ነገ ጧት እናቱ ብቻዋን እንዳትሄድ ሁለት ሰው አብሯት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እዚያ ከሌለ ሪፈር ይጻፍ፣ መሳፈሪያውን ዕድሩ ይክፈል። መድኃኒት ያስጣላችሁ፣ ሄዳችሁ «ተሳስቼ ነው፣ ዋጥ» በሉት። የቀረጻችሁ፣ ቪዲዮውን አጥፉ። ሐሜት ያወራችሁ፣ ያማችሁት ቤት ገብታችሁ ከታመመው ጋር አንድ መሶብ ቁረሱ። ራሱን ስለማጥፋት የተናገረውን ሰው አታፊዙበት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ገመዱንና መርዙን ከቤት አርቁ፤ በቀጥታ ጠይቁት፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርበትም። ካህናት አባቶቼ፣ ለንስሐ ልጃችሁ ቀኖና ስትሰጡ ስግደቱ ላይ ይህንም ጨምሩበት፦ በጓሮው ያሰረውን ፈትቶ፣ አሳክሞ፣ ከእርሱ ጋር ለቁርባን ይምጣ። እስኪፈታው ድረስ አትፍቱት።