ለልጅ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ዕዳ

ለመሳለም የሚመጡ ወላጆች ጸሎታቸውን ካደረሱ በኋላ በእንግዳ ማረፊያው ደጅ አረፍ ብለው አባቶችን ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ «ልጄ ምን ቢያነብ ይሻለዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የአንድ መጽሐፍ ስም ተናግሮ ማሰናበትም ይቻላል። ነገር ግን ለሰው ልጅ መጽሐፍ መርጦ መስጠት ማለት፣ ያ ልጅ ብቻውን በሚሆንበት ሰዓት ማን እንዲያነጋግረው መወሰን ማለት ስለ ሆነ፣ በችኰላ የሚመለስ ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ የሚሰጠው ሲመረጥ የሚከለከለውም አብሮ ይመረጣል፤ አስቸጋሪውም ይህ ሁለተኛው ነው።

በአገራችን በቀድሞው ሥርዐት ምርጫ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። ሕፃኑ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይሄዳል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ፈጸመ ይባላል። በወሎ በቁርኣን ቤት የሚማረውም ሕፃን በሉሕ ላይ የተጻፈለትን አጥንቶ፣ ሉሑን አጥቦ፣ ቀጣዩን ያስጽፋል፤ መጽሐፉ ግን ያው አንዱ ነው። ይህ ሥርዐት የመኰንኑንም የገበሬውንም ልጅ በአንድ ቃል ያሳድግ ነበርና ጥቅሙን የሚንቅ ሰው አላዋቂ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው፣ ተከፈተ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ አብርሆት በአራት ኪሎ ተመረቀ። ልጁ በብዙ ሺህ መጻሕፍት መካከል ሲቆም፣ ከእርሱ ጋር የሚቆመው ማን ነው?

«መነኰሳት ልጅ ሳይወልዱ ስለ ልጅ አስተዳደግ ይመክራሉ» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ልማዱ ግን የቆየ ነው። እንደ ምዕራባውያን አቈጣጠር በ403 ዓ.ም. ገደማ፣ በቤተ ልሔም ለተሳላሚዎች ማረፊያ በተሠራበት ገዳም ይኖር የነበረው ሄሮኒሞስ፣ ላኤታ ለምትባል የሮም እመቤት ስለ ልጇ ስለ ጳውላ ትምህርት ረዥም ደብዳቤ ጽፎላታል። ሕፃኒቱ ሳትወለድ በስእለት የተሰጠች ነበረች። ሄሮኒሞስ በመጀመሪያ ፊደሉ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ ተቀርጾላት እየተጫወተች እንድትማር ይመክራል፤ ከዚያ ንባቧን ከመዝሙረ ዳዊት አስጀምሮ፣ በምሳሌና በመክብብ በኢዮብም አሳልፎ፣ ወደ ወንጌል ያደርሳታል፤ መኃልየ መኃልይን ግን ከሁሉ በኋላ ያኖረዋል። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ በመጀመሪያ ብታነበው በሥጋ ቃል የተጻፈው መንፈሳዊ ፍቅር መሆኑን ሳታስተውል ትጐዳለች ብሎ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሄሮኒሞስ መጽሐፉን «አይነበብ» አላለም፤ «በኋላ ይነበብ» አለ። ደግሞም ስም ዘርዝሮ ብቻ አልተወም፤ ልጂቱን ወደ ቤተ ልሔም ቢልኩለት በሽምግልናው በትከሻው ተሸክሞ እንደሚያስተምራት ቃል ገባ። የሚመክር ሰው የሚሸከምም መሆን አለበት ማለት ይመስለኛል።

ቅዱስ ባስልዮስም ለወጣቶች ስለ ግሪኮች መጻሕፍት ሲጽፍ ንብን ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል፤ ንብ በአበባው ሁሉ አታርፍም፣ ባረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ የቀረውን ትታ ትሄዳለች። ምሳሌው መልካም ነው። ነገር ግን ንብ ይህን የምታውቀው በተፈጥሮዋ ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ገና መማር አለበት፤ አበባ ያላየ ደግሞ አይማረውም።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በገዛ ገዳማችን የተተረጐመ መጽሐፍ ነው። ከየመን ወደ አገራችን መጥቶ በደብረ ሊባኖስ የመነኰሰውና በኋላም እጨጌ የሆነው ዕንባቆም፣ በ1545 ዓ.ም. በራላምና ይዋሴፍ የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የህንዱ ንጉሥ ልጅ ሲወለድለት ኮከብ ቈጣሪው «ይህ ልጅ የምትጠላውን ሃይማኖት ይቀበላል» አለው። ንጉሡም ያማረ ቤተ መንግሥት ለብቻ አሠርቶ ልጁን በዚያ አኖረው፤ የሚያገለግሉት ሁሉ ወጣቶችና መልከ መልካሞች እንዲሆኑ፣ ሞትን፣ እርጅናን፣ ሕመምን፣ ድህነትን በፊቱ ማንም እንዳይጠራ አዘዘ። ከአገልጋዮቹም የታመመ ቢኖር ልጁ ሳያየው በሌላ ይለወጥ ነበር።

ይህን ንጉሥ ክፉ አባት ነው ብለን እንዳንቸኵል። ያደረገው እኛም በትንሹ የምናደርገውን ነው። መደርደሪያውን ጠረገ፤ የሚያሳዝነውን ሁሉ አወጣ፤ የሚያስደስተውን ብቻ ተወ። ውጤቱስ ምን ሆነ? ልጁ አደገና «ለምን ተዘግቶብኝ እኖራለሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ መውጣት ሲፈቀድለት በመንገድ ላይ ሕመምተኛና ዕውር አየ፤ ኋላም አንድ ሽማግሌ አየ፤ ያን ጊዜ ሌላው ሰው በብዙ ዓመት ቀስ በቀስ የሚማረው ነገር በአንድ ጊዜ ወደቀበት። የጐዳው ማየቱ አይደለም፤ ያየውን ለማየት የሚያበቃ አንዲት ቃል እንኳ በቤቱ አለመኖሯ ነው። ያዳነውስ ማን ነው? ባሕታዊው በራላም፣ ነጋዴ መስሎ የከበረ ዕንቍ ልሽጥ ብሎ የገባው፣ ከዕንቍው በፊት ብዙ ምሳሌና ተረት ነገረው። ቤተ መንግሥቱ የጐደለው ተረት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ መጽሐፍ ሥሩ ከህንድ፣ ከቡድሃ ታሪክ እንደ ሆነና በብዙ ቋንቋ እየተመለሰ እንደ መጣ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። በልጆች እጅ የባዕድ አገር ተረት ሲያዩ ለሚደነግጡ ሰዎች፣ መነኵሴው ዕንባቆም ሳይደነግጥ መተርጐሙን ማስታወስ ይበቃል።

ይህን ስል ልጅ ያገኘውን ሁሉ ያንብብ ማለቴ አይደለም። በጭካኔ የሚስቅ መጽሐፍ አለ፤ ጎረቤትን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ መናቅን የሚያስተምር መጽሐፍ አለ፤ ይህን በ10 ዓመትም በ17 ዓመትም ለልጅ አልሰጥም፤ ቢያገኘው ግን አብሬው አነበዋለሁ። የሚገርመው፣ ብዙ ቤት ውስጥ የፍቅር ታሪክ ከሣጥን ሥር ሲደበቅ፣ ወንድምን ከወንድም የሚያባላው ጽሑፍ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ያላነበበው ጥቂት ነው፤ ማንበብ የማይችለውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል። «ለ14 ዓመት ልጅ ይሰጣልን?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው፤ በዛብህ ወላጆቹ በብፅዐት የሰጡት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ይወዳታል፤ መጨረሻው መቃብር ነው፣ እርስዋም ትመነኵሳለች። አንዳንድ አባቶች መጽሐፉ በብፅዐት ላይ ያላግጣል ብለው ይሰጋሉ። እኔ ግን ከእነርሱ አሳብ እለያለሁ። ደራሲው ራሱ በጎጃም በእነ ዲማና ደብረ ኤልያስ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ነው፤ የሚጽፈውን ያውቃል፤ ኀጢአትንም በርካሽ አይሸጥም፣ ዋጋውን እያሳየ ነው የሚነግረን። ወላጅ ለልጁ የተሳለው ስእለት በልጁ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚጠይቅ መጽሐፍ ካለ፣ ከሁሉ በፊት ሊያነበው የሚገባው በገዳም ደጅ ያለ ሰው ነው። ለ14 ዓመት ልጅ እሰጠዋለሁን? አባቱ ወይም እናቱ ካነበቡት፣ አዎን። ካላነበቡት፣ እነርሱ እስኪጨርሱት ይቆይ።

ምክር ወሰን እንዳለውም የሚያሳይ ምስክር አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወጣት ሳለ፣ በ19 ዓመቱ፣ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ መጀመሪያ ያነበበው ማንም አባት የማይመርጥለት ተራ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። የንባብ ፍቅር የያዘው በዚያ እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። በኋላ ተሰዶ አሜሪካ ገባ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲሠራ፣ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ተደርድረው በአማርኛ ግን አንድም እንደሌለ አየ። ከዚህ የተነሣ ማሞ ቂሎን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በሐዋሳም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረገ። ያን የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንድ ተቈጣጣሪ ከእጁ ቀምቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? መልሱን እግዚአብሔር ያውቃል።

በስደት የሚያድጉ ልጆች ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በጅዳ ብዙ ዓመት በሥራ የኖረች አንዲት እናት ለመሳለም መጥታ፣ «አባ፣ ልጆቼ በሰፈር ዐረብኛ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ አማርኛ የሚሰሙት ስቈጣቸው ብቻ ነው፤ የትርጓሜ መጽሐፍ ልውሰድላቸው?» ብላ ነበር። የተሰጣት ምላሽ «የለም፣ ልጄ፤ መጀመሪያ ተረት ውሰጂላቸው» የሚል ነበር፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ለ7 ዓመቱ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያወጣው ተረት ተረት የመሠረት፣ ለ13 ዓመቷ የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ ይስማማል። ቋንቋው በቍጣ የገባ ልጅ በከባድ መጽሐፍ ቢከተሉት ጭራሹን ይሸሻል፤ በሳቅ ከገባ ግን ትርጓሜውንም አንድ ቀን ራሱ ይጠይቃል። እስላም ጎረቤቶቿም ይህን አይንቁባትም፤ ከጅዳ ብዙ በማትርቀው በመካ፣ ነቢያቸው ተወለዱበት በሚባለው ስፍራ ላይ የቆመው ቤተ መጻሕፍት ነው።

እንግዲህ መራጩ ያለበት ዕዳ ይህ ነው፤ ያላነበበውን አይምከር፤ ልጁን ሳያውቅ ስም አይቍጠር፤ ሲከለክልም እስከ መቼ እንደ ሆነ ይንገር። በአዲስ አበባ በኩል የምታልፉ ወላጆች ልጃችሁን ይዛችሁ አብርሆት ግቡ፤ የሕፃናቱን ክፍል አሳዩት። ሁለት መጻሕፍት እናንተ ምረጡለት፤ ሦስተኛውን ራሱ ይምረጥ፤ ከመመለሱ በፊት ያን ሦስተኛውን እናንተም አንብቡት።