ለእናትሽ መታሰቢያ

ልጄ፣ በስልክ «በእማዬ ስም ነርሲንግ የሚማሩ የሰፈራችንን ልጆች ልናስተምር አስበናል፤ ምን ይላሉ እትዬ?» ስትይኝ መልስ ያጣሁት ሐሳቡን ጠልቼው እንዳይመስልሽ፤ ዕንባ ተናንቆኝ ነው። ለሙት ዓመቷ ቄስ ጠርታችሁ ፍትሐቱን አድርሱ፣ ለነዳያን የምትችሉትን አብሉ። ድንኳንና በሬ ሊበላው የነበረው ገንዘብ ግን ለልጆቹ ይሁን። ዘመድ ቢያማም ይማ።

መታሰቢያ ካነሳሽ ስለ ልዕልት ፀሐይ ላጫውትሽ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት፤ በስደቱ ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመረቀች። አገሯ በገባች ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመቷ አረፈች። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እነ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው በ1940ዎቹ አዲስ አበባ ላይ በስሟ ሆስፒታል ቆመላት፤ ነርሶችም ተማሩበት። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ወደ ጦር ኃይሎች ተቀየረ። ዛሬ «ጦር ኃይሎች» ብሎ ታክሲ የሚሳፈር ወጣት ልዕልቲቱን ከየት ያውቃታል? እኔን የነርስነት ሥራ ያስያዙኝ ማትሮን ግን እዚያ የተማሩ ነበሩ። አንሶላ ሲያነጥፉ እጥፋት አይተዉም፤ እጃቸውን ሳያሞቁ የሕፃን ገላ አይነኩም። ያንን ከእሳቸው ወሰድኩ፣ እናትሽ ደግሞ ከእኔ ወሰደች።

ስለዚህ ስሟ በእብነ በረድ ተጽፎ የት ይሰቀል እያላችሁ አትጨነቁ። የርክክብ ሥነ ሥርዓት የሚባለውንም ተዉት። ይህን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን አንዲት ልጅ ልናስተምር ተነሣን፤ ሌላውም እንዲያዋጣ ብለን ሰው ሰብስበን መድረክ ላይ አወጣናት። የቤቷን ችግር አንድ በአንድ ተናገርን። ልጅቷ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፤ ደግሞ ትጠቀልላለች። በወሩ ስንደውል ስልኳ ዝግ ነው። ሰው ብንልክም አልተገኘችም። ማይክሮፎኑን ይዤ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

ገንዘቡን በምን ላይ እንደምታውሉት አስቡበት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባችው በወጪ መጋራት ስለምትማር የሚቸግራት የኪስ ገንዘብ ነው። በግል ኮሌጅ የምትማረዋን ወርኃዊ ክፍያው ያስጨንቃታል። ሁለቱም ልምምድ ሲወጡ የሚጠይቃቸውን ግን ቤተሰብ ቀድሞ አያስበውም፤ ጋወን፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት፣ የታክሲ። ሰዓት ሳይኖራት የልብ ምት በግምት የጻፈች ተማሪ አጋጥማኛለች። ተቆጥታ ያባረረቻት ሌላ ነርስ ናት፤ እናትሽ የራሷን ሰዓት ፈትታ አሰረችላት፣ አጠገቧም ቆማ ሙሉ ደቂቃ አስቆጠረቻት።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለዲግሪ የመውጫ ፈተና አለና ትምህርቷን ጨረሰች ብላችሁ በዚያው ሳምንት እጃችሁን አትሰብስቡ። ወድቃ ደግማ የምትቀመጥ ልጅ ያን ጊዜ ነው ሰው የሚያስፈልጋት።

ወንድምሽ ከአሜሪካ እልካለሁ ማለቱ ደግ ነው። ሆኖም «ተመርቃ እዚሁ ታገልግል» የሚል ውል እናስፈርም ያለውን አልወደድኩትም። በሐዘናችሁ ልጅቷን አትሰሯት። አምስት ጀምራችሁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ከምትበትኗቸውም አንዲቷን እስከ መጨረሻው ያዙ። የባንክ ደብተሩ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፤ አንዱ ከቤተሰብ ውጭ ይሁን፣ የዕድራችሁ ጸሐፊ ታማኝ ሰው ናቸው።

ስትመርጡ ውጤቷን እዩ፣ ግን በዚያ ብቻ አትፍረዱ። ጎረቤቷን ጠይቁ። የታመመች አያቷን ያገላበጠች፣ ቁስል አይታ ፊቷን ያላዞረች ልጅ ከሰፈሩ አትጠፋም።

ስታገኟት ወደ እኔ ላኳት። ደም ሥር ማግኘት የሚለመደው ሰው ላይ ነው፤ እናትሽም መጀመሪያ መርፌ ይዛ እጇ እየተንቀጠቀጠ የወጋችው የእኔን ክንድ ነበር።