ምክር ስለ መስጠትና አብሮ ስለ መምከር

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ኀዘኑን ይዞ ወደ ቤትህ በመጣ ጊዜ ከአንተ ዘንድ አስቀድሞ ወደ ሥራ የሚነሣው የትኛው ነው? ጆሮህ ነውን ወይስ አፍህ? ይህን የምጠይቅህ ልፈርድብህ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ሰውን በመምከር ብዙ ዘመን ስኖር አፌ ከጆሮዬ ይቀድም ነበር፤ ከዚህም የተነሣ በአንድ ልጅ ላይ የሆነውን ከጥቂት በኋላ እነግርሃለሁ።

በቋንቋችን «መከረው» በምንልበት ጊዜ አንዱ ይናገራል፥ ሌላው ይቀበላል። «ተመካከሩ» በምንልበት ጊዜ ግን ሁለቱም ይናገራሉ፥ ሁለቱም ይሰማሉ። ሥሩ አንድ ሲሆን ሥራው ሁለት ነው። ዛሬ በሐኪም ቤትና በትምህርት ቤት «የምክር አገልግሎት» እየተባለ የሚጠራው ሥራ፥ ስሙን ከመጀመሪያው ቃል ቢወስድም፥ ነገሩ የሁለተኛው ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በስሙ ይሳሳታል፤ ወደዚያ ክፍል የሚገባው «ምን አድርግ ይሉኝ ይሆን» እያለ ይገባል፥ በዚያ የተቀመጠውም አንዳንድ ጊዜ በስሙ ተታልሎ ስብከት ይጀምራል።

ደግሞ ሁላችን የምናውቀው ተረት አለ፤ «ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ስለ ግትር ሰው ነው፥ በስፍራውም እውነት ነው። ነገር ግን ልብ ብለህ ተመልከት። ተረቱ መካሪው ሁለት ጊዜ እንደ ተናገረ ይቈጥራል፤ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ጠየቀ ግን አያወራም። ያ ሰው ስለ ምን እንቢ እንዳለ ማንም ሳይመረምር ወዲያው ለመከራ ተላልፎ ተሰጠ።

አሁን ወደ ልጁ ነገር ልምጣ። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት ተነገረ። ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው የተፈተኑት ያ ፈተና ነበር፤ በአገሪቱ ሁሉ ከተፈተኑት መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆኑ። ይህ በጋዜጣ ሲነበብ ቍጥር ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ግን በየተከራየው ክፍል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ልጅ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ፥ ከአንከሻ ገጠር መጥቶ በእንጅባራ ቤት ተከራይቶ ይማር የነበረ፥ በጥር መጨረሻ ወደ እኔ መጣ። በደጃፌ ቆሞ «ጋሼ፥ አላለፍሁም» አለኝ። አስገባሁት፥ አስቀመጥሁት፥ ወዲያውም መናገር ጀመርሁ። በመጀመሪያ፥ አንተ ብቻ አይደለህም ብዬ ያንኑ ቍጥር ነገርሁት። ሁለተኛ፥ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይሰጣል ይባላልና ታግሠህ ጠብቅ አልሁት። ሦስተኛ፥ ይህ ባይሆን የእጅ ሥራ መማር ነውር አይደለም አልሁት። አራተኛም፥ ጸልይ አልሁት። እርሱም በእያንዳንዱ ነገር «እሺ፥ ጋሼ» ይል ነበር። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሲወጣ ልቤ ደስ አለው፤ መልካም ምክር መከርሁት ብዬም አሰብሁ። ምክሬ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ከአራቱ አንዱን እንኳ ሐሰት ነው አልልህም።

በየካቲት አባቱ ወደ እኔ መጡ። ልጁ ወደ አገሩ አልተመለሰም፥ ከተከራየውም ክፍል ወጥቶአል፥ ወዴት እንደ ሄደም የሚያውቅ የለም። አባቱ አማርኛ ያውቃሉ፤ ኀዘናቸው ግን በአገውኛ ነበር፥ አገሬው አውንጊ ብሎ በሚጠራው ቋንቋ። እኔም ከዚሁ ቋንቋ የተወለድሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት ካደግሁ ጀምሮ ቁም ነገርን ሁሉ በአማርኛ መናገር ለምጄ ነበር፥ ለልጁም የነገርሁት በዚያው በተጣራው አማርኛዬ ነው። ያን ቀን ግን የምመክረው አንድ ነገር ስላልነበረኝ ዝም ብዬ በቋንቋቸው ሰማኋቸው። ዝምታዬ ከጥበብ የመጣ አይደለም፥ ከድንጋጤ ነው።

ቡና ተፈላ። አቦሉ ሲጠጣ ስለ መንገዱ ተናገሩ። ቶናው ሲጠጣ ስለ እርሻቸው ተናገሩ። በበረካው ጊዜ ፈረሳቸውን እንደ ሸጡ ነገሩኝ።

የአዊን አገር የማታውቅ እንደ ሆንህ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ልንገርህ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን በማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። በዚያ አገር ፈረስ ለሠርግም ለልቅሶም ሰው በሰው ፊት የሚታይበት ክብር ነው እንጂ የጭነት ከብት ብቻ አይደለም። እኚህ ሰው ግን የልጃቸውን የቤት ኪራይና ስንቅ ለመክፈል ፈረሳቸውን በዳንግላ ገበያ ሸጡት። ውጤቱ ከተነገረ ገና ጥቂት ቀን ሲሆነው ጥር 23 ደረሰ፤ እርሳቸውም በእግራቸው ቆመው የጎረቤቶቻቸውን ፈረስ ሲመለከቱ ልጁ ከሕዝቡ መካከል ሆኖ አያቸው። ዐይን ለዐይን ተያየን፥ እርሱም በሰው መካከል ተሰወረ አሉኝ። ወደ እኔ የመጣው በማግሥቱ ነበር።

አራት ምክር ሰጠሁት፤ በአራቱ ውስጥ ፈረስ የለም።

እንግዲህ ልዩነቱ በዚህ ይታወቃል ብዬ አምናለሁ። ምክር የሚሰጥ ሰው የሚመልሰው እርሱ የሰማውን ጥያቄ ነው። ልጁ «አላለፍሁም» ባለኝ ጊዜ እኔ የሰማሁት የፈተና ጥያቄ ነበር፤ የልጁ ጥያቄ ግን «የአባቴን ፊት እንዴት አያለሁ?» የሚል ነበር። አብሮ የሚመክር ሰው አስቀድሞ ጥያቄውን ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ጥያቄው ከተገኘ በኋላ መልሱን የሚያመጣው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። «ሆድ ይፍጀው» በሚባልበት አገር ደግሞ ጥያቄው በመጀመሪያው ቃል አይወጣም። በመጀመሪያው ቃል የሚወጣው ሰው እንዲሰማው የተፈቀደው ነገር ነው፥ እንደ አቦሉ ወሬ።

በባሕር ማዶ ያሉት ሰዎችም ይህን የተማሩት በድካም ነው። ካርል ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ በወጣትነቱ ሰባኪ ሊሆን በኒው ዮርክ ነገረ መለኮት ይማር ነበር፤ ኋላ ያን ትቶ የሰውን ጠባይ የሚመረምረውን ትምህርት ያዘ። በሮቸስተር ከተማ የተቸገሩ ልጆችን በሚረዳ ቤት ሲሠራ አንዲት እናት ስለ አስቸጋሪ ልጅዋ ወደ እርሱ ትመጣ ነበር። ጥፋቱ የእርስዋ እንደ ሆነ፥ ልጁን ገና ከሕፃንነቱ እንደ ገፋችው ገብቶት፥ ይህን በለሰለሰ ቃል ሊያስረዳት ብዙ ጊዜ ደከመ፤ አንዳች አልጠቀመም። በመጨረሻም ሁለታችን ሞክረናል፥ አልሆነልንም፥ እንተወው አላት፤ እርስዋም እሺ ብላ ተነሣች። ከበሩ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፥ በዚህ ቤት ትልልቅ ሰዎችንም ትቀበላላችሁን ብላ ጠየቀችው። እንቀበላለን ቢላት ተመልሳ ተቀመጠች፥ ስለ ትዳርዋም መከራ ታወራው ጀመር፤ ይህም አስቀድሞ ከነገረችው ታሪክ ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። ሮጀርስ ሕመሙ የት እንዳለ የሚያውቀው የታመመው ራሱ እንደ ሆነ ከዚህ እንደ ተማረ ኋላ ጽፎአል፤ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1942 ባወጣው መጽሐፍም ምክር ከመስጠት የተለየውን ይህን መንገድ በሰፊው ገለጠ። እኔ በሁሉ ከእርሱ ጋር አልስማማም፤ ሰው ለመቃናት የሚበቃ ኀይል በራሱ ውስጥ አለው ማለቱን እንደ ክርስቲያን መቀበል ይከብደኛል። ያችን ሴት ከበሩ እስክትመለስ ድረስ አለመስማቱን በገዛ እጁ መጻፉ ግን ያስመሰግነዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ መካሪ ጥቂት ነው።

በለንደን ከተማም በ1953፥ ይህም እንደ እነርሱ አቈጣጠር፥ ቻድ ቫራ የሚባል ቄስ ራሳቸውን ለመግደል የሚያስቡ ሰዎች የሚደውሉበትን ስልክ በቤተ ክርስቲያኑ አቆመ። ሰዎቹ በስልክም በእግርም ብዙ ሆነው መጡ። ቄሱን እስኪያገኙ ድረስ ሻይ የሚያቀርቡላቸውና አብረዋቸው የሚቀመጡ ያልተማሩበት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ቄሱም ጥቂት ቈይቶ ሲመለከት ብዙዎቹ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ከተነጋገሩ በኋላ እርሱን ሳይፈልጉ ይሄዳሉ። ይህ ነገር ከእኛ ቡና ምን ያህል ይርቃል? ጎረቤቶቻችን ሴቶች ያለ መጽሐፍ የሚያደርጉት ነው፤ እኛ የተማርን ወንዶች ግን ከረከቦቱ አጠገብ የሚነገረውን ሐሜት ብቻ ነው እያልን ስንንቅ ኖረናል።

መጽሐፈ ኢዮብን የሚያነብ ሰውም ይህን ያገኛል። ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው በምድር ላይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር ያለ ቃል ተቀመጡ። በዚያ መጽሐፍ ሁሉ ከሠሩት ሥራ የሚበልጠው ይህ ነበር፤ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ንግግራቸው ያማረ ሳለ በመጨረሻ እግዚአብሔር ተቈጣቸው። ጌታችንም በኢያሪኮ መንገድ ዕውሩን ባገኘው ጊዜ፥ ዕውርነቱ ለሁሉ የተገለጠ ሳለ፥ ምን ሊያደርግለት እንደሚወድ አስቀድሞ ጠየቀው።

ለምን እንቸኵላለን? የሌላ ሰው እንባ ስለሚያስፈራን ነው። ምክር ብዙ ጊዜ ለሚያለቅሰው የሚሰጥ መሐረብ ሳይሆን፥ ልቅሶውን እንዳንሰማ የምንዘጋው በር ነው። «አይዞህ፥ ያልፋል» ማለትም እንደ አነጋገሩ ነው፤ ከሰሙ በኋላ ሲባል ያጸናል፥ ሳይሰሙ ሲባል ሂድልኝ ማለት ይሆናል። በአገራችን የኤች አይ ቪ ምልክት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1984፥ በሽተኞቹም በ1986 ከታወቁ በኋላ፥ ደም ለማስመርመር የሚመጣውን ሰው የሚቀበሉ ነርሶች ይህን በብርቱ መማር አስፈለጋቸው። መድኃኒቱ ያለ ዋጋ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙው ድኻ የሚሰጥ ሌላ ነገር አልነበረም፥ አብሮ መቀመጥ ብቻ ነበር። ውጤቱን ብታውቅ ለማን ትነግራለህ፥ በቤትህ የምትፈራው ማንን ነው ብለው አስቀድመው መጠየቅ ነበረባቸው።

አንድ ነገር በግልጥ ልናገር፥ ወንድሞቼ ቢቀየሙም። ምስጢር በሌለበት አብሮ መምከር የለም። በጉባኤያችን አንዲት እኅት ለአንዱ በቀስታ የነገረችው ችግር በሳምንቱ የጸሎት ርእስ ሆኖ በሁሉ ፊት ሲጠራ አይቻለሁ። ስምዋን አልጠራንም ይላሉ፤ ዳንግላን በምታህል ከተማ ግን ስም መጥራት አያስፈልግም። ያች እኅት ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገረችም።

ደግሞም መስማት ማለት ሁልጊዜ ዝም ማለት እንዳይመስልህ። የ13 ዓመት ልጅ ሊድሩኝ ነው ብላ ብትመጣ፥ አንቺስ ምን ይመስልሻል እያልህ ብቻ ብትቀመጥ በደልሃት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎአል፤ ይህን ለወላጆቿ መናገር፥ ካልሰሙም ወደ ዳኛ መሄድ ይገባል። ራሱን ሊገድል የሚያስብ ሰው ያገኘህ እንደ ሆነም ይህን ታስባለህን ብለህ በግልጥ ጠይቀው፥ ብቻውንም አትተወው፥ ወደ ሐኪም አድርሰው። በዚህ ጊዜ የገባኸውን የምስጢር ቃል ከሕይወቱ አታስበልጥ። በእነዚህ ነገሮች እንኳ ግን አስቀድሞ የሰማ ሰው የሚናገረው ይደመጣል።

በግንቦት ልጁ በመተማ በቀን ሥራ እንዳለ ተሰማ፤ የአክስቱ ልጅ የስልክ ቍጥሩን አመጣልን። አባቱ ስልኩን ለእኔ ሰጥተው «መምህር፥ እርስዎ ይንገሩት» አሉኝ። እኔም በአገውኛ ሰላም አልሁት፤ «ልጄ፥ ያን ቀን ሳልጠይቅህ ሰደድሁህ፤ ምን ልትነግረኝ ነበር የመጣኸው?» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። የስልኩ ሂሳብ ያልቃል ብዬ ፈራሁ፥ አራቱ ምክሮቼም በምላሴ ላይ መጡ፤ ነገር ግን ታገሥሁ። ከዚያ በኋላ «ፈረሱን ማን ገዛው?» አለኝ። በሕፃንነቱ ውኃ የሚያወርደው እርሱ እንደ ነበረ፥ ከሌላ ሰው እጅ እንደማይበላ ይነግረኝ ጀመር። አባቱ ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ የምንነጋገረው ስለ ፈረሱ እንደ ሆነ ባወቁ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጥቻቸው ወደ ውጭ ወጣሁ።

ምን እንደ ተባባሉ አልጠየቅሁም። ሲወጡ ግን የሰሊጡ አጨዳ እስኪያልቅ ድረስ ይቈያል፥ ከዚያም ይመጣል ብለው ነገሩኝ።