የወረደ ሰው ማን ይባላል?

ወልዲያም ሆነ መርሳ፣ ስፖርት የሚወድ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሳይነሳ የማይቀር ክርክር አለ። «እገሌ ማቆም የነበረበት መቼ ነው?» የሚል። ወሬው ስለ ኳስ ተጫዋችም ይሁን ስለ ሯጭ፣ ፍርዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ምናለ በክብሩ ጊዜ ቢወርድ ኖሮ!» ይባላል። ወልዲያ ደግሞ በጥር 2009 ዓ.ም. ያን ትልቅ ስታዲየም ካስመረቀች ወዲህ የዚህ ዓይነት ፍርድ የሚሰጥ ሸንጎ አላጣችም።

እኔን የሚከነክነኝ «በክብር ጊዜ» የምትለዋ ነገር ናት። ሰው የሚወደውን ሥራ ገና እየቻለ እንዲተው የምንመክረው ለእሱ አስበን ነው? ወይስ ሲሸነፍ እንዳናይ ለራሳችን?

እስቲ ኃይሌ ገብረሥላሴን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አመመውና አቋረጠ። ወዲያው በሰጠው መግለጫ ሩጫ በቃኝ፣ ለወጣቶች ዕድል ልስጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ለወጠ። እውነተኛውን ስንብት ያደረገው በ2015 ማንችስተር ላይ፣ በ42 ዓመቱ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት «ለምን አያርፍም?» ያሉ አልጠፉም። ግን እንዲያው ለመሆኑ ማንን በደለ? ጎዳና ላይ በሚደረግ ሩጫ ለሺህ ሰው ቦታ አለ። አንድ ሰው ስለወደደው ቢሮጥ፣ አሥረኛም ቢወጣ፣ የማንንም እንጀራ አልነጠቀም። ሐዘኑ የእኛ ነው።

ነገሩ የሚከብደው ቦታው ጠባብ ሲሆን ነው። እኛ ታንኳ ሲባል ቀድሞ የሚታየን የጣናው የደንገል ታንኳ ነው። ካያክ የሚባለው የውድድር ጀልባ ግን ጠባብና ቀላል ነው፤ ቀዛፊው ፊቱን ወደፊት አድርጎ ተቀምጦ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ይነዳዋል። ጀርመናዊቷ ቢርጊት ፊሸር በዚህ ስፖርት የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቋን ያገኘችው በ1980 ሞስኮ ላይ፣ በ18 ዓመቷ ነው። «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣልን ያው ኦሊምፒክ መሆኑ ነው። ሴትየዋ ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ አቆመች። ከዚያ ተመለሰችና በ2004 አቴንስ ላይ፣ በ42 ዓመቷ፣ በአራት ሰው ጀልባ ስምንተኛ ወርቋን ወሰደች።

እንግዲህ አራት ሰው በሚይዝ ጀልባ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ዳር ትቀራለች። በደል ነው? በፍጥነት በልጣ ከገባች በደል አይመስለኝም። እኛም ዘንድ ቀነኒሳ በቀለ በ2024 ለንደን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ፤ በ42 ዓመቱም ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ተሰለፈ። ፓሪስ ላይ 39ኛ ሆነ። ሰዓቱ ያስገባውን ሰው ውጤቱ ስላላማረ ብቻ «ባልሄደ ነበር» ማለት ከሆነ በኋላ የሚመጣ ጥበብ ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ሳይሆን ስሙ ሲያስገባ ነው። ትልቅ ስም ያለውን ሰው «አሁንስ ይብቃህ» ብሎ የሚደፍረው የለም። አሠልጣኙ ያከብረዋል፣ ጓደኞቹ ያፍሩታል፣ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። ሌላው የማይናገረውን ለራሱ የመናገር ግዴታ ያለበት እንግዲህ እሱው ነው። የመውረድ ሥነ ምግባር የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት «ገና እችላለሁ ወይ?» ብቻ አይደለም። «ይህን ቦታ የያዝኩት ስለምችል ነው ወይስ ማንም ስለማይናገረኝ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ለሯጭ ብቻ አይደለም፤ ለዕድር ዳኛውም፣ ለማኅበር ሊቀመንበሩም፣ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊውም ነው።

ታዲያ መውረድ ለምን እንዲህ ይከብዳል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ይዘን ያደግን ሰዎች ነን። ከተሻረ በኋላ ቁጭት እንጂ ሌላ ነገር ያለ አይመስለንም። ለወረደ ሰው ያለን ስምም አንድ ነው፤ «የቀድሞ» እንለዋለን።

ገበሬው ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነበረው። ሀብሩ ውስጥ ጉልበቱ የደከመ አባት ሞፈሩን ለልጁ ሲያስረክብ «ተሸነፈ» የሚለው የለም። ከማሳው ወደ ዛፉ ጥላ ይዞራል። እዚያ ደግሞ ሥራ አለ፤ ወሰን የተገፋፉትን መዳኘት፣ የተጣሉትን ማስታረቅ። ወሎ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ አበጋሮች ያሏት አገር ናት። ሰውዬው በሬ መጥመድ ቢያቅተው ቃሉ ክብደት ይጨምራል። ጉልበት ያለቀበት ቦታ ላይ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ስፖርተኛው ይህ የለውም። መንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ሯጭ ግን በ35 ዓመቱ «ሽማግሌ» ይባልና የሚያስታርቀው ሰው ሳይኖር ይቀመጣል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አባቶች። አካልም ፈረስ ነው፤ ካደረሰ በኋላ የሚዋጋው ሰውየው ነው። አበበ ቢቂላ በ1968 ሜክሲኮ ላይ አቋረጠ፣ በዓመቱ የመኪና አደጋ እግሮቹን ነሳው። በ1970 እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ሲወረውር ታየ። ደራርቱ ቱሉ ከሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ በኋላ ከ2018 እስከ 2024 ፌዴሬሽኑን መራች። እነዚህ ፈረሱ ሲቆም አብረው ያልቆሙ ናቸው።

ሁሉም ግን አበበ ወይም ደራርቱ አይሆንም። ትምህርቱን አቋርጦ ለሩጫ አዲስ አበባ የገባ፣ ዓመታት የለፋ፣ አንድም ሜዳሊያ ሳያገኝ ጉልበቱን አሞት የሚመለሰው ይበዛል። በክብሩ ጊዜ እንዳይወርድ ክብር የሚባለውን አላየውም። ለዚህ ልጅ «መቼ ላቁም?» ማለት «ነገ ምን ልብላ?» ማለት ነው። በልጅነቱ «ሮጥ፣ አገር ታኮራለህ» ያልነው እኛ ከሆንን፣ ከሩጫው ጎን ትምህርቱን እንዲይዝ ማድረግ፣ ሲያቆምም የሚያውቀውን ለታናናሾቹ የሚያስተምርበት ሜዳና ደመወዝ ማግኘቱን መከታተል የእኛ ዕዳ ነው። በየወረዳው የአሠልጣኝ ያለህ የሚሉ ሕፃናት ሞልተዋል። ሜዳ ዳር ብቻውን የተቀመጠውን የድሮ ሯጭ «ለምን አቆምክ?» ከምንለው «እነዚህን ልጆች ታሠለጥናቸዋለህ?» ብንለው ይሻላል።