የአባት ምርመራ የማን ምስጢር ነው?

ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ርስትና መልክ ብቻ አይደለም፤ ደዌም ይወርሳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1869 ዓ.ም. የገለጠው፥ ዛሬ ኤ ኤል ኤስ የሚባለው ደዌ እጅና እግርን፥ አንደበትንም ቀስ በቀስ ያዝላል። ብዙ ዘመን አእምሮን አይነካም ይባል ነበር። አሁን ግን ከሕሙማኑ ወደ እኩሌታ የሚጠጉት በአሳብ ወይም በጠባይ እንደሚለወጡ ታውቋል፤ ብዙ ጊዜም የሚጐዳው ትዝታ ሳይሆን ማመዛዘንና ለሰው መራራት ነው።

ከ10 ሕሙማን 9 ያህሉ በቤተ ሰባቸው ይህ ደዌ ያልታየባቸው ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የታወቀው ሲ9ኦርፍ72 የተባለው የዘረ መል ለውጥ ግን የአካሉን መዛልና የአእምሮውን መታወክ በአንድ ቤት ያመጣል። ለውጡን ከተሸከመ ወላጅ የሚወለድ ልጅ ሁሉ የመውረሱና ያለመውረሱ ዕድል እኩል ነው፤ የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይደለም።

እንግዲህ አባት ተመርምሮ ያወቀውን ከልጁ ሊሰውር ይገባዋልን? ምስጢሩ የራሱ ነው የሚል የነገሩን ግማሽ ብቻ አይቷል፤ የአባት ደም የልጅም ደም ነውና። ነገር ግን ፈውሱ ያልተገኘለትን ማወቅ ለአንዱ መሰናዶ፥ ለሌላው የዕለት ተዕለት ሞት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ «ማወቅ ትወዳለህን?» ብሎ ልጁን መጠየቅ ይሻላል፤ ጥያቄው ራሱ ግማሽ መልስ መሆኑ ባይካድም።

ከዚህ የሚከብደው፥ የሚጠይቀው አእምሮ በዚያው ደዌ ሊነካ መቻሉ ነው። ለልጁ ሳይራራ ድንገት የሚናገር አባት ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን ርኅራኄው ታሞበት ይሆናል። ሐኪም ለማን ምን እንዲነገር የሕመምተኛውን ፈቃድ መቀበል ያለበት እንግዲህ ደሙ ለምርመራ ከመቀዳቱ በፊት፥ ፍርዱ ገና የራሱ ሳለ ነው።