ስለ ሰው ምግብ መጻፍ ነሲሓ ነው ወይስ ሐሜት?



የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ተራ ነገር ነው፤ ቋሊማ ነው። በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ በምነዳባቸው ዓመታት ከኪሴ የማትለይ አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረችኝ። በየጎዳናው በጋሪና በመኪና ላይ ሆት ዶግ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ እየዞርኩ እቀምሳለሁ፤ የቀመስኩትንም እጽፍባታለሁ። የቱ ጋ ዳቦው ለስላሳ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ቋሊማው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ውስጥ ውሎ እንደገረጣ፣ ማን ሽንኩርቱን አብስሎ ማን ጥሬውን እንደሚሰጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐላል የሚሸጠው ማን እንደሆነ እመዘግብ ነበር።

ነገሩ እንደ ቀልድ የተጀመረ ነው። ታክሲ ነጂ ምሳውን የሚበላው መንገድ ዳር ቆሞ፣ አንድ ዐይኑን መኪናው ላይ አድርጎ ነው። በማሳቹሴትስ ጎዳና ባለው፣ በ1957 እ.ኤ.አ. በተመረቀው ኢስላማዊ ማዕከል የጁሙዓን ሶላት ሰግደን ስንወጣ ወንድሞች «ዛሬ የት እንብላ?» ይሉኛል፤ ደብተሬን አውጥቼ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ገጾቹ በፎቶ ኮፒ ተባዙ፤ ኋላም በስልክ ፎቶ እየተነሱ የማላውቀው ሰው ዘንድ ሁሉ ደረሱ። እኔም ሳላስበው በሌላው ሰው እንጀራ ላይ ዳኛ ሆንኩ።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ሆት ዶግ ማለት ቃል በቃል «ትኩስ ውሻ» ማለት ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሙስሊም ስሙን ሲሰማ «አዑዙ ቢላህ!» ይላል፤ እኔም ብያለሁ። የውሻ ሥጋ ግን የለበትም። ከጀርመን ስደተኞች ጋር አሜሪካ የገባ፣ በረጅም ዳቦ መሐል ሰናፍጭ ተቀብቶ የሚበላ ቋሊማ ነው። ስሙ የከበደው ለእኛ ብቻም አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የሐላል ማረጋገጫ የሚሰጠው የማሌዥያ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ጃኪም፣ ይህን ስም የያዘ ምግብ ስሙ ካልተለወጠ ማረጋገጫ እንደማያገኝ አስታውቆ ብዙ አነጋግሮ ነበር። እኔ በበኩሌ ከስሙ ይልቅ ሆዱ ያሳስበኛል። ውስጡ የበሬ፣ የዶሮ ወይም የአሳማ ሥጋ፣ ወይም የእነዚህ ቅልቅል ሊሆን ይችላል። ሥጋው የበሬ ብቻ ሆኖ እንኳ የተሞላበት አንጀት የአሳማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዋሽንግተን የምትታወቅበት «ሃፍ ስሞክ» የተባለው ወፍራም ቋሊማ በልማድ የአሳማና የበሬ ሥጋ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው።

የሰው ስምም ማስረጃ አይሆንም። በዩ ጎዳና ላይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከበዙበት ሰፈር አጠገብ፣ ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባል ዝነኛ ቤት አለ። የትሪኒዳድ ተወላጁ ቤን ዓሊና ባለቤቱ ቨርጂኒያ በ1958 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ነው። «ዓሊ» የሚለውን ስም ሰምቶ ሐላል ነው ብሎ የሚገባ ወንድም አይጠፋም፤ ቤቱ ዝናን ያተረፈበት ግን ያው ሃፍ ስሞክ ነው። በሌላ በኩል፣ ዛሬ «ዘ ሐላል ጋይስ» ተብሎ የታወቀው ድርጅት ኒውዮርክ ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሦስት ግብፃውያን የሆት ዶግ ጋሪ ነበር። ሙስሊም ታክሲ ነጂዎች ሐላል ምሳ መቸገራቸውን አይተው ነው ሆት ዶጉን ትተው ወደ ዶሮና ሩዝ የዞሩት። እንግዲህ የእኔም ደብተር የዚያው ችግር ልጅ ነበረች ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሴትዮዋ የወሎ ሰው ናቸው። ጋሪያቸው ከቤተ መዘክሮቹ አካባቢ ይቆማል። ሁለት ድስት ነበራቸው፤ በአንደኛው ከማንኛውም መደብር የሚገዛ የበሬ ቋሊማ ለአገሩ ሕዝብ፣ በሌላኛው ሐላል ሆኖ የታረደ። በጋሪው ግንባር ላይ በዐረብኛ ፊደል «ሐላል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አንድ ቀን ከዙሁር በኋላ ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ በአንድ ጉጠት ከመጀመሪያው ድስት ለአንድ ቱሪስት አወጡለት፤ በዚያው ጉጠት ደግሞ ከሐላሉ ድስት ለእኔ አወጡልኝ። ምንም አልተናገርኩም። ከፈልኩ፤ ጥቂት እልፍ ብዬ ቋሊማውን ሳልቀምስ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት፤ ታክሲዬ ውስጥ ገብቼም «ሐላል የሚለው ለመሸጫ ነው፤ አትመኑ» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ቃል። ወንድሞቼን ከሐራም ያዳንኩ መስሎኝ ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቼ ሳልፍ ጽሑፉ ተነሥቷል፤ ሁለተኛው ድስትም የለም። መኪናዬን አቁሜ ቀረብኩ።

«እትዬ፣ ሐላሉ ቀረ እንዴ?»

«ቀረ ልጄ። ሐበሻውም ሱማሌውም መምጣቱን ተወ። ሐላሉ ስገዛው ዋጋው ወደድ ይላል፤ ገዢ ሲያጣ ያድራል፤ ያደረ ደግሞ ለሰው አልሰጥም። ምን እንዳስቀየምኳቸው አላህ ይወቅ።»

ዝም ብዬ ልሄድ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። ነገር ግን እግሬ እምቢ አለኝና የጻፍኩትን ነገርኳቸው። ለአንድ ሰው ዳቦ ከፍለው፣ ሰናፍጭ ቀብተው፣ ገንዘቡን ተቀብለው እስኪያሰናብቱት አልመለሱልኝም።

«ያን ቀን አስታውሰዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ስትጥለው አይቼሃለሁ። ጣዕሙ አልስማማህ ብሎ መስሎኝ ነበር። የሐላሉ ጉጠት መሬት ወድቆብኝ፣ ሌላኛውን በፈላ ውኃ እያጠብኩ ነበር በእሱ የምሠራው። ሰው ሲበዛብኝ ማጠቡን ረስቼው ይሆናል፤ አልረሳሁም ብዬ አልምልልህም። ግን ልጄ፣ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ከራሴ ጋር ስከራከር ከርሜያለሁ። በመጀመሪያ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልፈጠርኩም። ጉዳዩ የጣዕም ሳይሆን የዲን ነው። ኢማም አን-ነወዊ በሪያዱ-ስ-ሷሊሒን ስለ ሌለ ሰው መናገር የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲዘረዝሩ፣ ሙስሊሞችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። ታዲያ ምን አጠፋሁ?

ደጋግሜ ሳስበው ጥፋቴ ያለው በአምስቱ ቃላት ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። ያየሁት አንድ ጉጠት ሁለት ድስት ውስጥ ሲገባ ነው። የጻፍኩት ግን «ለመሸጫ ነው» ብዬ ነው። ጉጠቱን ዐይኔ አይቷል፤ ኒያቸውን ግን ማን አሳየኝ? በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) መጥፎ ጥርጣሬን፣ ከዚያም ነውር መሰለልን፣ ከዚያም መተማማትን በተርታ ይከለክላል። አንቀጹን ከልጅነቴ ጀምሮ ስቀራው ሦስት የተለያዩ ኃጢአቶች ይመስሉኝ ነበር። በዚያች ታክሲ ውስጥ ግን ሦስቱን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ወርጃቸዋለሁ።

ወንድሞች ለእኔ ሲከራከሩልኝ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የገበያውን ሐዲስ ነው። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት መሠረት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ ዝናብ መትቶት መሆኑን ተናገረ። ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነገሩት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። እውነት ነው፣ ሐዲሱ የሻጭን ማጭበርበር አያልፍም። ነገር ግን አካሄዱን ልብ እንበል። እርጥበቱ በእጃቸው ላይ ነበር፤ ማስረጃው ከእኔ ጉጠት የበለጠ ግልጽ ነበር፤ ሆኖም በመጀመሪያ ባለቤቱን ጠየቁ። የተናገሩትም ፊት ለፊት ለራሱ ነው። የሰውዬው ስም ደግሞ በሐዲሱ ውስጥ የለም፤ ትምህርቱ ለእኛ ሲደርስ ሰውዬው ተሸፍኖ ቀርቷል። እኔ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጋሪው የሚቆምበትን ጥግ ሳይቀር ጽፌ ሳልጠይቅ ሄድኩ።

አንድ ታክሲ ነጂ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «የሚያጭበረብር ሰው ሲጠየቅ መልስ አያጣም። ሁሉን እየጠየቅን ካመንን እኮ አሳማ ሲያበሉን መኖራችን ነው» አለኝ። ይህን ቀላል አድርጌ አላልፈውም። እያወቀ የአሳማውን ቋሊማ የበሬ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፣ መጠየቁ ለመደበቅ ጊዜ መስጠት ሊሆን ይችላል። እንዲያውም የሴትዮዋን መልስ ያመንኩት የአገሬ ሰው ስለሆኑ፣ ስላሳዘኑኝም እንዳይሆን ራሴን ጠርጥሬያለሁ። የማላውቀው ባዕድ ይህንኑ ቢለኝ እሰማው ነበር? ይሁን እንጂ መጠየቅና ማመን አንድ አይደሉም። ጠይቄ፣ ያየሁትንም የተሰጠኝንም መልስ ጎን ለጎን ብጽፍ ኖሮ አንባቢው ራሱ ይፈርድ ነበር። ከወንድሞች ገሚሱ፣ ጉጠቱ የነካው የበሬ ሥጋ እስከሆነ ድረስ ከአህለል ኪታብ ምግብ ጋር ቆጥረው ምንም የለበትም የሚሉ ናቸው፤ ገሚሱ አይነኩትም። በዚህ ጉዳይ ዑለማዎች ይለያያሉ። እኔ ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ፈረድኩላቸው።

ስለ ጣዕሙም አንድ ነገር ልበል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን አነውረው እንደማያውቁ፣ ካማራቸው እንደሚበሉ ካላማራቸውም እንደሚተዉት አቡ ሁረይራ አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ታዲያ የእኔ ደብተር ከዚህ ጋር እንዴት ይታረቃል? ያደረ ቋሊማን ትኩስ ነው ብሎ መሸጥ የዕቃ ዐይብ ነው፤ ገዢ የማወቅ መብት አለው። የአንዱ ሰናፍጭ መረር ማለት፣ የሌላው ሽንኩርት መጣፈጥ ግን የእኔ ምላስ ጉዳይ ነው። ከዚያ ወዲህ የምላሴን ገጾች ቀድጄ ጣልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይሉኝ የነበሩት እነሱ ነበሩ፤ ሰውን የሚያስቁትም እነሱ ነበሩ።

በዚህ ንግድ ትርፉ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። በ2013 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ካለው የእንስሳት መጠበቂያ አጠገብ የሚቆም አንድ የሆት ዶግ ጋሪ ለቦታው ብቻ በዓመት 289,500 ዶላር ይከፈልበት እንደነበረ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። በጥቂት ዶላር የሚሸጥ ቋሊማ ስንት ጊዜ ቢሸጥ ይህን እንደሚከፍል አስሉት። የእኛ ከተማ ዋጋ እንደዚያ አይደለም፤ ነገር ግን ቆሞ የሚሸጥ ሰው አሥር ደንበኛ ሲቀርበት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ስሌት ይታያል። ዛሬ ደግሞ ደብተር እንኳ አያስፈልግም፤ ማንም ሰው በስልኩ ኮከብ ሰጥቶና ነሥቶ መንገዱን ይቀጥላል።

ስሕተቴን ጽፌ አሰራጭቻለሁ። ከጁሙዓ በኋላም ለወንድሞች በቃሌ ተናግሬያለሁ። ሆኖም የመጀመሪያው ወረቀት የደረሰበት ቦታ ሁሉ ሁለተኛው አልደረሰም። «ያቺ ሴትዮ እኮ የምታታልለው ናት» ሲል በቅርቡ የሰማሁት ልጅ፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን እንኳ አያውቅም።

በኋላ ጥቂት ሆነን በየሳምንቱ የተወሰነ ያህል እንደምንገዛቸው ተስማምተን ወደ ሴትዮዋ ሄድን። እኔም ሁለት አዲስ ጉጠት ገዝቼ፣ የአንዱን እጀታ በአረንጓዴ ፕላስተር ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ተቀበሉኝ፤ መረቁኝም። ጽሑፉን ይመልሱት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «እቤት አለ፤ አልጣልኩትም። ግን አሁን ብለጥፈው የሚመጣው ሰው ሁሉ ምግቡን ትቶ እጄን የሚያይ ይመስለኛል። እስቲ ይቆይ ልጄ» አሉኝ።

ጉጠቶቹ ከጋሪው ጎን ተሰቅለዋል። ሁለተኛው ድስት እስከ አሁን አልተጣደም።